ጨው ወዳዶቹ ፍጥረታትና ሊቁ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ፥ በመቂና በባቱ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ የሚሄድ መንገደኛ በጉዞው ላይ ጠባያቸው የተለያየ ሐይቆችን ያገኛል። የዝዋይ ሐይቅ ጨው የሌለበት ስለ ሆነ ዓሣ ይሰገርበታል፤ የአብያታና የሻላ ውሃ ግን ጨውና ሶዳ የበዛበት ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ውሃ ሕይወት የሌለበት አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን በዓለም ላይ ባሉት ጨዋማ ሐይቆች ውስጥ በዓይን የማይታዩ፥ ጨው የሚወዱና አሞንያን የሚመገቡ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ከእነዚህ አንደኛው ኒትሮሶሞናስ ሃሎፊላ ይባላል፤ ሃሎፊላ ማለት በግሪክ ቋንቋ ጨው ወዳድ ማለት ነው። ይህ ሁለተኛው ስም የወጣው በቅርብ ጊዜ ሲሆን ኒትሮሶሞናስ የሚለውን የነገድ ስም ያወጣው ግን ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው ሊቅ ነው። ታሪኩን በአጭሩ እጽፋለሁ፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቪኖግራድስኪ በ1856 ዓ.ም. በኪየቭ ከተማ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደ። በመጀመሪያ ሕግ ሊማር ገባ፤ አልወደደውምና ተወው። ከዚያ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄዶ ፒያኖ ተማረ፤ እርሱንም ተወው። በእኛ አገር ቢሆን ኖሮ አባቱና ዘመዶቹ ተሰብስበው ይገሥጹት እንደ ነበረ አልጠራጠርም። በ1877 ግን የተፈጥሮ ሳይንስ መማር ጀመረ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ትምህርት አላማረውም።

በ1885 ወደ ስትራስቡርግ ሄዶ ደ ባሪ በተባለው የዕፀዋት ሊቅ ዘንድ ሠራ። በዚያም ድኝ ባለበት ውሃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ መረመረ፤ ይህም ፍጥረት ጒልበቱን የሚያገኘው የድኝን ጋዝ ከኦክሲጅን ጋራ በማዋሐድ መሆኑን አስረዳ።

መምህሩ በ1888 ሲሞት ቪኖግራድስኪ ወደ ዙሪክ ተዛወረ። ስሙን ያስጠራው ሥራ እዚህ ተሠራ። ሽሎዚንግና ሙንትዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በ1877 በአፈር ውስጥ አሞንያን ወደ ናይትሬት የሚለውጠው ሕይወት ያለው ነገር እንደ ሆነ አሳይተው ነበር። ማስረጃቸውም የሚያስደንቅ ነው፤ የፍሳሽ ውሃ በአሸዋ ውስጥ ሲያሳልፉ አሞንያው ይለወጣል፥ ክሎሮፎርም ሲጨምሩበት ግን ለውጡ ይቆማል። ይሁን እንጂ ፍጥረቱን ለይቶ ያወጣው አልነበረም። በዚያን ጊዜ ባክቴሪያ የሚረባው በጄላቲንና በሥጋ መረቅ ስለ ነበረ፥ ሊቃውንቱ ይህን ባቀረቡ ቊጥር ሌሎች ባክቴሪያዎች እየበዙ የሚፈለገውን ይሸፍኑት ነበር።

ቪኖግራድስኪ ምግቡን መጨመር ትቶ መቀነስ ጀመረ። ሥጋ፥ ስኳር፥ ጄላቲን የሌለበት፥ አሞንያ ያለበት ጨውና ጥቂት ማዕድን ብቻ የተጨመረበት ውሃ አዘጋጀ። ሌሎቹ በረኃብ ሲጠፉ የሚፈልጋቸው በዙ። በ1890 ውጤቱን አሳተመ። ሥራውንም ሁለት ዓይነት ፍጥረታት እንደሚከፋፈሉት አወቀ፤ አንደኛው አሞንያን ወደ ናይትራይት፥ ሁለተኛው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ዕፀዋት ሰውነታቸውን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠሩት በፀሐይ ብርሃን ጒልበት ሲሆን፥ እነዚህ ግን ያለ ብርሃን ከአሞንያ በሚያገኙት ጒልበት ይሠራሉ። ከዚያ በፊት ሕይወት ሁሉ በፀሐይ ላይ የቆመ ይመስል ነበር።

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ገበሬው በማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ በአፈር ውስጥ በመጀመሪያ አሞንያ ይሆናል፤ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት እነዚሁ ፍጥረታት ናቸው። ናይትሬት ለሰብሉ ይስማማል፤ ነገር ግን ዝናብ ወይም መስኖ በቀላሉ አጥቦ ስለሚወስደው ገንዘቡ ከውሃው ጋራ ይሄዳል። ሶዳ በበዛበት ሐይቅ ደግሞ አሞንያ ብዙ ሕያዋንን የሚመርዝ ጋዝ ይሆናል፤ ጨው ወዳዶቹ ግን ይህን ይችላሉ። በ2001 የታተመ ጥናት ከሞንጎሊያ የሶዳ ሐይቆች የኒትሮሶሞናስ ሃሎፊላ የቅርብ ዘመዶች ተለይተው መውጣታቸውን ገልጿል። አብያታና ሻላም የሶዳ ሐይቆች ናቸውና ከመካከላችን የኬሚስትሪ ተማሪ የሚሆን ሰው ሥራ አያጣም።

ቪኖግራድስኪ በ1891 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመለሰ፤ በ1895ም ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዝ ባክቴሪያ ማግኘቱን አስታወቀ። በ1905 ግን ጤናው ስለ ታወከ ሥራውን ትቶ በዩክሬን ወዳለው ርስቱ ገባ፤ ብዙ ዓመትም ማይክሮስኮፕ ሳይነካ እርሻና ደን ሲያለማ ኖረ። የ1917ቱ አብዮት ሲመጣ ርስቱን አጥቶ ተሰደደ፤ በቤልግሬድም ጥቂት ጊዜ አስተማረ። በ1922 የፓስተር ኢንስቲቱት ሹም ኤሚል ሩ ጠራው። ሰው በሚጦርበት ዕድሜ ላይ ሳለ ከፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በብሪ ኮምት ሮቤር እንደ ገና አፈር መመርመር ጀመረ። የሥራዎቹ መድበል በ1949 ታተመ። በ1953 ዓ.ም. በ96 ዓመቱ በዚያው ዐረፈ።

በስሙ የሚጠራው ዓምድ እስከ ዛሬ በትምህርት ቤቶች ይሠራል፤ ረዥም ብርጭቆ ውስጥ የሐይቅ ጭቃ፥ ቁራጭ ወረቀትና ጥቂት ጂፕሰም ይጨመርና በመስኮት አጠገብ ይቀመጣል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አረንጓዴና ሐምራዊ ንብርብር ይታይበታል።