የደም ዓይነትን የለየው ካርል ላንድስታይነር

ሀዋሳም ሆነ ሌላ ከተማ፣ ደም ለታካሚ ከመሰጠቱ በፊት ዓይነቱ ይጣራል። ወልዳ ደም ለሚፈሳት እናት ይቺ ምርመራ የሞት ሽረት ጉዳይ ናት። ምርመራዋን ያወረሰን ካርል ላንድስታይነር የሚባል ኦስትሪያዊ ሐኪም ነው።

ላንድስታይነር ጁን 14 ቀን 1868 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቪየና አካባቢ ተወለደ። ጋዜጠኛ አባቱ በልጅነቱ ስለሞተበት ያሳደገችው እናቱ ናት። በ1891 በሕክምና ከተመረቀ በኋላ ልቡ ወደ ኬሚስትሪ አዘነበለና ጀርመን ሄዶ ኤሚል ፊሸር ዘንድ ተማረ።

በዚያ ዘመን ደም መስጠት ቁማር ነበር። አንዱ ይድናል፣ ሌላው ይሞታል፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ላንድስታይነር ከራሱና ከባልደረቦቹ ደም ቀዳ። ደሙ ሲረጋ የሚቀረውን ጠራ ያለ ፈሳሽ፣ ማለትም ሴረሙን ለየና ከሌላ ሰው ቀይ የደም ሴል ጋር ቀላቀለው። አንዳንዱ ጓጎለ፣ አንዳንዱ ምንም አልሆነም። በ1901 ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ መደባቸው፤ ሲ ኋላ ኦ ተባለ። ኤቢን በዓመቱ ባልደረቦቹ አገኙት።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቪየና ስትቸገር ወደ ሔግ፣ ከዚያም ኒውዮርክ ወዳለው ሮክፌለር ኢንስቲትዩት ተሻገረ። በ1930 የኖቤል ሽልማት ቢያገኝም አላረፈም፤ በ1940 ከአሌክሳንደር ዊነር ጋር አርኤች ፋክተርን ይፋ አደረገ።

እሱ ሳያየው ያለፈ ነገርም አለ። የደም ዓይነታችንን የሚሠሩት ኢንዛይሞች ናቸው። የኤ ኢንዛይም ቀይ ሴሉ ላይ አንድ ዓይነት ስኳር ይለጥፋል፣ የቢ ደግሞ ሌላ ዓይነት፤ የኦ ግን አይሠራም። እነዚህ ኢንዛይሞች ሴረም ውስጥም ይገኛሉ። አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለው ሌላ የሴረም ኢንዛይም ደግሞ ቢ ወይም ኦ በሆኑ ብዙ ሰዎች ላይ ቅባት ከተበላ በኋላ ከፍ ይላል። እናም ክትፎ በልቶ የተመረመረ ሰው ጉበቴ ታመመ ብሎ ከመደንገጡ በፊት፣ በባዶ ሆድ ይደገምልኝ ወይ ብሎ ሐኪሙን ቢጠይቅ ደግ ነው።

ላንድስታይነር በ1943 ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ ላይ እያለ ልቡን ታመመ፤ ጁን 26 ቀንም አረፈ። የዓለም የደም ለጋሾች ቀን የሚከበረው በልደቱ፣ በእኛ ሰኔ 7 ነው። ዓይነቱ ቢታወቅም ባንኩ ውስጥ ደም ከሌለ ግን ለዚያች እናት ምን ይፈይድላታል? ጤነኛ የሆናችሁ የሀዋሳ ልጆች፣ ሰኔን ሳትጠብቁ ብቅ በሉ።