የወይዘሮ አስናቀች ወርቁ የሕይወት ታሪክ በአጭሩ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት የድራማ ክበባችን አንድ ተውኔት ለማሳየት ተዘጋጅቶ ነበር። በተውኔቱ ውስጥ ልጇን ወደ ሩቅ አገር የምትሸኝ አንዲት እናት አለች። እናቲቱን ሆና እንድትጫወት ከክፍላችን የተመረጠችው ተማሪ ቃሏን አጥንታ ከጨረሰች በኋላ፣ በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከልምምድ ቀረች። ምክንያቱን ስንጠይቅ፣ ልጅቱ አዝማሪ ልትሆን ነው የሚል ወሬ በቤቷ መነሣቱን ሰማን። ሌላ ሴት ተማሪ ብንፈልግም የምትደፍር ስላላገኘን፣ አንዱን ወንድ ጓደኛችንን ነጠላ አልብሰን ሻሽም አስረን ለመድረክ አቀረብነው። እናቲቱ ልጇን አቅፋ በምታለቅስበት ሰዓት አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ለእንባ የተዘጋጀው ቦታ የሳቅ ቦታ ሆነ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ በአሳባችን ሲመላለስ ስለ ቆየ፣ በአገራችን ሴቶች ወደ ቴአትር መድረክ የወጡት መቼና እንዴት እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለግን። ታላላቆችን ስንጠይቅና ስናነብ የአንዲት ሴት ስም ደጋግሞ አጋጠመን። እርሳቸውም ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ናቸው። ወይዘሮ አስናቀች ሲያርፉ እኛ ገና ፊደል ያልቆጠርን ሕፃናት ስለ ነበርን በዓይናችን አላየናቸውም። ሆኖም ሥራቸው ለእኛም የሚተርፍ ትምህርት ያለው ሆኖ ስላገኘነው፣ ታሪካቸውን ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ወደድን።

ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ በ1927 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ከተማ ተወለዱ። ዘመኑ የጠላት ጦር ወደ አገራችን ሊገባ የተቃረበበት ስለ ነበረ፣ የሕፃንነታቸው ወራት ያለፈው በወረራው ዘመን ነው። እናታቸውንም ገና በልጅነታቸው በሞት ስላጡ በሰው እጅ አደጉ። በልጅነታቸው ከያዙት ነገር ሁሉ እስከ ሽምግልናቸው አብሯቸው የኖረው ክራር ነው። ክራር በቆዳ የተለበጠ ገበቴ፣ ሁለት ቋሚ፣ አንድ ቀንበርና አምስት ወይም ስድስት ክር ያለው ቀላል መሣሪያ ነው፤ ሲያዩት ቀላል ቢመስልም ቅኝቱን ማወቅ ግን ብዙ ድካም ይጠይቃል። ወይዘሮ አስናቀች ይህን ጥበብ የተማሩት በመምህር ፊት ተቀምጠው ሳይሆን፣ በራሳቸው ጆሮና በራሳቸው ጣት ነው።

የሠሩት ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ለመረዳት፣ አስቀድሞ የነበረውን የመድረክ ሁኔታ መመልከት ያስፈልጋል። በአገራችን ዘመናዊ ተውኔት የጀመሩት በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እንደ ሆኑ ይታወቃል። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ ከነጻነት በኋላም ቴአትር በአዲስ አበባ እየተስፋፋ ሄደ። ነገር ግን በተውኔቱ ውስጥ ንግሥት ብትኖር፣ ሙሽራም ብትኖር፣ ሐዘንተኛ እናትም ብትኖር የሴት ልብስ ለብሶ የሚጫወተው ወንድ ነበር። እኛ በዚህ ዓመት ያደረግነውን አባቶቻችን ከሰባ ዓመት በላይ በፊት ያደርጉት ነበር ማለት ነው።

ይህም የአገራችን ልማድ ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር በሼክስፒር ዘመን ሴቶችን መስለው ይጫወቱ የነበሩት ድምፃቸው ያልጎረነነ ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ ሴቶች በግልጽ ወደ መድረክ የወጡት ከ1660 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ፊልሞቿን አገራችን አብዝታ በምትወድድላት በሕንድም እንዲሁ ሆኗል። ዛሬ የሕንድ ፊልም ሲነሣ መጀመሪያ የሚታሰቡን ዘፋኝና ተወዛዋዥ የሆኑት ሴት ተዋናዮች ናቸው። ነገር ግን ፋልኬ የተባለው ሰው በ1913 እ.ኤ.አ. ራጃ ሐሪሽቻንድራ የተባለውን ፊልም ሲሠራ፣ ንግሥቲቱን ሆና የምትጫወት ሴት በብዙ ቢፈልግ አላገኘም። በሙያቸው ተወዛዋዥ የሆኑት ሴቶች እንኳ አሳፋሪ ነው ብለው እምቢ ስላሉት፣ በምግብ ቤት ይሠራ የነበረውን ሳሉንኬ የሚባል ወንድ ንግሥት አድርጎ አቀረበው። በዚያው ዓመት ዱርጋባይ ካማት የተባለች ሴት ከልጇ ከካምላባይ ጋር በፋልኬ ሁለተኛ ፊልም ደፍራ ስለ ተጫወተች፣ ለኋለኞቹ ሁሉ በር ተከፈተ። ከዚህ የምንረዳው፣ በየአገሩ አንዲት ሴት ቀድማ ነቀፋውን መሸከም እንደ ነበረባት ነው።

በእኛ አገር ያን ነቀፋ የተሸከሙት ወይዘሮ አስናቀች ናቸው። በ1952 እ.ኤ.አ.፣ ዕድሜያቸው ገና አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ሳለ፣ በአዲስ አበባ መድረክ ላይ ወጥተው የሴትን ክፍል በሴትነታቸው ተጫወቱ። በዚህም የመጀመሪያይቱ ኢትዮጵያዊት የቴአትር ተዋናይ ተብለው ይታወቃሉ። አንባቢ ሆይ፣ ይህች ልጅ በዚያን ጊዜ ከእኛ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በዕድሜ ታንስ እንደ ነበረ አስተውል። በዚያ ዘመን በሰው ፊት የምትዘፍንና የምትወዛወዝ ሴት ትዳሯም ክብሯም እንደ ጠፋ ይቆጠር ነበር። የምትይዘው ክራርም የመጠጥ ቤት መሣሪያ ተብሎ ይናቅ ነበር። ልጅቱ ይህን ሁሉ እያወቀች ወጣች።

በ1948 ዓ.ም. በዛሬ ስሙ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ወይዘሮ አስናቀችም በዚህ ቤት ለብዙ ዓመታት ሠሩ። እርሳቸውን ከሌሎች ልዩ የሚያደርጋቸው ሦስት ሙያ በአንድ ሰው ላይ መገኘቱ ነው። በተውኔት ተዋናይ፣ በእስክስታ ተወዛዋዥ፣ በክራርም ዘፋኝ ነበሩ። አለባበሳቸውና ቁመናቸው የአዲስ አበባ ሰው መነጋገሪያ እንደ ነበረ ያዩዋቸው ሁሉ ይመሰክራሉ። ግጥማቸውም ሰምና ወርቅ ያለበት፣ ፍቅርንና ፌዝን አጣምሮ የሚይዝ ስለ ነበረ፣ ሰው የሚሰማቸው በጆሮው ብቻ ሳይሆን በልቡናው ጭምር እየፈታ ነበር። በዚያው ዘመን እንደ ወይዘሮ ሜሪ አርምዴ ያሉ ሌሎች ሴቶችም ክራርን ይዘው ዝነኞች ሆነዋል።

ስለ ዜማቸው ስንናገር የራሳችንን አገር ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። የአገራችን ዓለማዊ ዜማ በአራት ቅኝቶች ላይ የቆመ ነው፤ እነርሱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ከትምህርት ቤታችን ወጥተን ቀና ብንል የምናየው የአምባሰል ተራራ ስሙን ለቅኝት ሰጥቷል፤ ማንኛውም የክራር ተጫዋች በጎጃምም ይሁን በጎንደር፣ በአዲስ አበባም ይሁን በባሕር ማዶ፣ ክሩን ሲያጠብቅና ሲያላላ የእኛን አገር ስም ይጠራል። እኛ ግን የሐይቅና የአምባሰል ልጆች ሆነን ሳለ፣ ከመካከላችን ክራር መቃኘት የሚችል ብንቆጥር በአንድ እጅ ጣቶች የሚያልቅ ነው። የወይዘሮ አስናቀችን ትዝታና እንደ ኢየሩሳሌም የተባለውን ዘፈናቸውን በእጅ ስልክ ከሰማን በኋላ፣ ይህ ነገር አሳፈረን። የሚሰማው አንድ ክራርና አንድ ድምፅ ነው፤ ከዚያ በላይ የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም።

በኋላ ዘመን ስማቸው ከአገር አልፎ ሄደ። በፈረንሳይ አገር በሚታተመው ኢትዮጲክስ በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብ ውስጥ አሥራ ስድስተኛው ቅጽ የክራር እመቤት በሚል ስም ለእርሳቸው ተሰጠ። በዚያም ምክንያት አማርኛ የማያውቁ የሩቅ አገር ሰዎች የክራራቸውን ድምፅ ሰምተው አደነቁ። በመጨረሻ ዓመታቸው ግን በሕመም ምክንያት የአልጋ ቁራኛ ሆነው ቆዩ። መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ አዲሱ ዓመት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ በአዲስ አበባ ዐረፉ። ራሔል ሳሙኤል የተባለች ኢትዮጵያዊት የሕይወት ታሪካቸውን በፊልም ስላዘጋጀች፣ መልካቸውንና አነጋገራቸውን ትውልድ ሊያይ ችሏል።

አሁን ወደ ወላጆቻችን ዘወር ብለን በአክብሮት አንድ ነገር ለመናገር ይፈቀድልን። ልጃቸውን ከመድረክ የከለከሉት ወላጆች በክፋት እንዳላደረጉት እናውቃለን። ለልጃቸው ስም ፈርተው ነው፤ ፍርሃታቸውም ምክንያት የሌለው አይደለም። ወይዘሮ አስናቀችም ቢሆኑ ያለ ዋጋ አልከበሩም፤ ብዙ ጭብጨባ ያገኘውን ያህል ብዙ ሐሜት ያገኘ ሕይወት ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን ስንመረምረው፣ ልጅቱን የሚጎዳት ተውኔቱ ነው ወይስ ስለ ተውኔቱ የምናወራው ወሬ? ወሬው የእኛ ከሆነ ደግሞ ልናስቀረው የምንችለው እኛው ነን። ንጉሥ ዳዊት በገና ይደረድር፣ በታቦቱም ፊት ይዘፍን እንደ ነበረ፣ ይህንንም አይታ የናቀችው ሚስቱ እንደ ተወቀሰች ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። በመጽሐፍ ያለውን ባለ አውታር እያከበርን በሰፈራችን ያለችውን ባለ ክራር መናቅ እንዴት እንደሚስማማ አልገባንም። መክሊቱን በመሬት የቀበረውም አገልጋይ ጌታው አላመሰገነውም።

ለሴት እኅቶቻችንም የምንለው አለን። ሁሉም ተዋናይ ይሁን አንልም፤ ሐኪምም መምህርም ነጋዴም ያስፈልጋል። ነገር ግን የእናትን ልቅሶ፣ የሙሽራን እፍረት፣ የእኅትን ቁጣ እውነተኛ አድርጎ ለሕዝብ ማሳየት የሚችል ወንድ ነጠላ የለበሰ ስለ ሆነ አይደለም። ይህን በበዓላችን ቀን በሳቁ መካከል ቆመን ተምረናል።

እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን እንሄዳለን። የድራማ ክበቡን መጋረጃና ልብስ፣ ያችንም ነጠላ፣ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች አስረክበናል። ከክበቡ ያልተመለሰችው ጓደኛችን ግን የእናቲቱን ቃል እስከ ዛሬ በልቧ ይዛዋለች፤ አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ በባዶ ክፍል ውስጥ ለአምስታችን ብቻ ስትጫወተው ማንም አልሳቀም። በሚመጣው ዓመት በአዳራሹ ለወላጆቿ ፊት እንድትጫወተው ቢፈቀድላት፣ እኛ ከያለንበት መጥተን ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ለማየት ቃል ገብተናል።