ሽለላን በሳክስፎን ያሰሙት ጌታቸው መኩሪያ

ለዕድራችን አባላት ዘንድሮ ስለ አንድ የሳክስፎን ተጫዋች ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ዕድርና ሳክስፎን ምን አገናኛቸው የሚል አይጠፋም። በልጅነቴ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ አርበኛ ሲቀበር ሽማግሎቹ ጠመንጃቸውን ይዘው በለቅሶው መካከል እየወጡ ሲፎክሩና ሲሸልሉ ሰምቼ አድጌአለሁ። ያ ድምፅ ከለቅሶአችን እየራቀ ሄዷል፤ ሸላዮቹን አንድ ባንድ ራሳችን ቀብረናቸዋል። ጌታቸው መኩሪያ ያንኑ ድምፅ ነው ከፈረንጅ መሣሪያ ያወጡት።

የተወለዱት መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. በይፋት ነው። ጎጃሜ አይደሉም፤ ሽለላው ግን የሁላችን ነው። መጀመሪያ ክራርና መሰንቆ ተጫወቱ። በ1941 ዓ.ም. ገደማ፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ገቡና ክላርኔትና ሳክስፎን ያዙ።

ሳክስፎን ቤልጅጉ አዶልፍ ሳክስ የፈለሰፈው ዕቃ ነው። አካሉ ነሐስ ቢሆንም አፉ ላይ እንደ ክላርኔት ያለ ስስ የሸምበቆ ልጥ አለው፤ ትንፋሽ ሲያገኘው ይርገበገባል። በከንፈር ሲጫኑት እንደ ሰው ጉሮሮ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮሃል፣ ያቃስታል። ታዲያ ሌላው ሰው የውጭ ዘፈን ሲነፋበት ጋሽ ጌታቸው ሸላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያርገበግበውን ነገር አገኙበት። ቃል የለበትም፤ ሽለላ መሆኑን ግን ማንም ያውቀዋል። እንዲህ መጫወት የጀመሩት በ1940ዎቹ ነው። ለዚሁ ጨዋታ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፣ ለምድ ለብሰው መድረክ ይወጡ ነበር።

በ1948 ዓ.ም. ገደማ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠሩ። በ1960ዎቹ ፊሊፕስ ሸክላ አወጣላቸው። የፈረንጅ ሙዚቃ አዋቂዎች በኋላ ይህን ሰምተው ከአሜሪካኖቹ ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር አስተያዩአቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። እሳቸው የቀዱት ከሸላዮች ነው፤ የጀመሩትም እነዚያ ስማቸው ሳይሰማ በፊት ነው።

ሸክላው በፈረንሳይ ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ 14ኛ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2003 እንደገና ወጣ። በ2004 ዘ ኤክስ የተባሉ የሆላንድ ሙዚቀኞች አምስተርዳም ጋበዟቸው። ሰውዬው ወደ 70 ዓመት ቀርበው ነበር፤ በእኛ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣ ሁሉ ደጅ ተቀምጦ ፀሐይ በሚሞቅበት ዕድሜ ማለት ነው። እሳቸው ግን ከነዚህ ሙዚቀኞች ጋር በ2006 ሞዓ አንበሳ የተባለውን ሥራ አወጡ። በየአገሩ ዞሩ፤ በ2008 ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ድረስ ሄደው ሸለሉ። ሌላም አልበም በ2012 ተከተለ። እኔን የሚቆጨኝ፣ ክብሩ በዚህ መጠን የመጣላቸው ከባሕር ማዶ፣ ያውም በስተርጅና መሆኑ ነው።

በ81 ዓመታቸው፣ መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ።

አምና ከጎረቤቴ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ገብቼ ይህን ሽለላ በልጄ ስልክ አሰማኋቸው። በጉብዝናቸው ጥሩ ሸላይ ነበሩ። መጀመሪያ ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው ቃሉን ከሥሩ ይሞሉበት ጀመር። ሲያበቃ ከመደቡ ተነሥተው ቆመው ነበር፤ ዱላቸውንም እንደ ጠመንጃ ይዘውታል።