የትንሽቱ ድመት አባት፥ አቡ ሁረይራ

በአላህ ስም እጅግ በጣም ርኅሩኅ እጅግ በጣም አዛኝ በሆነው።

አንባቢ ሆይ! አላህ ይዘንልህና ልብ ብለህ ስማ። ሰው በሀብቱ ወይም በጀግንነቱ ይጠራል። ታላቁ ሰሐባ አቡ ሁረይራ ግን (አላህ ሥራቸውን ይውደድላቸው) በዓለም የታወቁት በአንዲት ትንሽ ድመት ነው። መጠሪያቸው የትንሽቱ ድመት አባት ማለት ነውና።

እኒህ ሰው ከየመን ወገን የደውስ ጎሣ ተወላጅ ነበሩ። በልጅነታቸው የቤተ ሰባቸውን ፍየሎች ሲጠብቁ አንዲት የድመት ግልገል ነበረቻቸው። ሌሊት ከዛፍ ላይ ያሳድሯታል፤ ሲነጋም ይዘዋት ወጥተው ያጫውቷታል። ስለዚህ ሰዎች በእርሷ ሰየሟቸው።

በ7 ዓመተ ሂጅራ፥ ኸይበር በተከፈተበት ጊዜ፥ ወደ መዲና መጥተው ከነቢዩ ሙሐመድ (የአላህ ሰላትና ሰላም በሳቸው ላይ ይሁን) ጋር ተቀላቀሉ። ማደሪያቸው የመስጊዱ ሱፋ፥ የድኾች መጠለያ ነበር። ረኃብ ሲጸናባቸው በሆዳቸው ላይ ድንጋይ ያስሩ ነበር። ከነቢዩ ያስተላለፉት ሐዲስ 5,374 ይደርሳል። በኸሊፋው ዑመር ዘመን የባሕረይን ገዥ ሆነው ተሹመዋል፤ በ59 ዓመተ ሂጅራ ገደማም በመዲና ዐረፉ።

ካስተላለፉትም መካከል ሁለቱን አስተውል። አንዲት ሴት ድመትን አሰረች፤ አላበላቻትም፥ በምድር ላይ ያገኘችውን እንድትበላም አልለቀቀቻትም፤ በዚህ ምክንያት እሳት ገባች። አንድ ሰው ደግሞ በጫማው ውኃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ አጠጣ፤ ኃጢአቱም ተሰረየለት። ረኃብን በገዛ ሆዳቸው የቀመሱ ሰው ይህን ነገር እንዴት ይረሱታል?

እንግዲህ አንተ በውርጌሳ ጤፍና ማሽላ የምትነግድ ወንድሜ፥ አይጥ እህልህን እንዳይፈጅ ድመት ታኖራለህ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ወደ ወልድያ ወይም ወደ መርሳ ስትሄድ በመጋዘኑ ውስጥ ቆልፈህባት የሄድክ እንደ ሆነ የዚያችን ሴት ነገር አስብ። ድመት ካልተራበች አይጥ አትይዝም የሚለው ስሕተት ነው፤ የጠገበችም ታድናለች። ውኃ አኑርላት፥ መውጫም ተውላት።

አንቺም እኅቴ፥ ለልጆችሽ የድመትን ንግግር አስተምሪ። ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ስትመጣ ሰላምታዋ ነው። ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ለጥፋ ጀርባዋን ብታጎብጥ ፈርታለችና ልጁ እጁን ይሰብስብ። ዓይኖቿን ቀስ አድርጋ ከድና ብትገልጥ ልቧ ዐርፏል፤ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉላት ይገባታል። ስትደባበስ በጉሮሮዋ የምታንጎራጉረው ብዙ ጊዜ ከደስታ ነው፤ ታማም ታንጎራጉራለችና መብሏን መተዋንም ተመልከቺ።

ያደጉ ድመቶች እርስ በርሳቸው እምብዛም ሚያው አይባባሉም፤ ይህን ድምፅ የሚያሰሙት በአብዛኛው ለሰው ነው። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ሌሊት ከተዘጋው በር ኋላ የምትሰማው ጩኸት ለአንተ የቀረበ አቤቱታ ነው። ዛሬ ተነሥተህ በሩን ክፈት፤ ነገ በቂያማ ቀን ስለ እርሷ ትጠየቃለህና።

አላህ ከአዛኞቹ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።