ዳንኤል ስሎትኒክ፦ የትይዩ ስሌት ጠበቃ

አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ዳንኤል ስሎትኒክ (1931–1985 እ.ኤ.አ.) ዕድሜያቸውን በአንድ ሐሳብ ላይ አሳልፈዋል። ሐሳቡም አንድ የቁጥጥር ክፍል የሚሰጠውን ትእዛዝ ብዙ የስሌት ክፍሎች እያንዳንዳቸው በያዙት መረጃ ላይ በአንድ ጊዜ መፈጸም ይችላሉ የሚል ነው።

ሐሳቡ የተጠነሰሰው በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ስሎትኒክ በፕሪንስተን በጆን ፎን ኖይማን ኮምፒውተር ላይ ሲሠሩ ነበር። በዘመኑ ግን እጅግ ብዙ የቫኪዩም ቲዩብ ይጠይቅ ስለነበር ሊሠራ አልቻለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዌስቲንግሃውስ ኩባንያ 1,024 የስሌት ክፍሎች ያሉትን ሰሎሞን የተባለ ማሽን ነደፉ፤ ሙሉው ማሽን ግን አልተገነባም።

ቀጥሎ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኢሊያክ 4ን መሩ። በ1967 በተካሄደ ጉባኤ ላይ ጂን አምዳል በትይዩ ሊከፈል የማይችለው የሥራ ክፍል የማሽኑን ፍጥነት እንደሚገድብ ሲከራከሩ፣ ስሎትኒክ የትይዩ ስሌትን ደግፈው ቆሙ። ኢሊያክ 4 ግን ከታቀዱት 256 ፕሮሰሰሮች 64 ብቻ ተሠሩለት፤ ወጪውም ከ8 ሚሊዮን ወደ 31 ሚሊዮን ዶላር አሻቀበ። በ1970 ተማሪዎች ማሽኑ ለጦር ዓላማ ይውላል በሚል ተቃውሞ አነሡ፤ በ1972ም ማሽኑ ወደ ናሳ ኤምስ የምርምር ማእከል ተወሰደ። ብዙዎች ፕሮጀክቱን እንደ ውድቀት ቆጠሩት።

የቪዲዮ እንቅስቃሴ ግምት ይህን ፍርድ እንደገና ለመመርመር ያስገድዳል። 16 በ16 ፒክስል የሆነን አንድ ብሎክ በየአቅጣጫው እስከ 7 ፒክስል እያንቀሳቀሱ ከቀዳሚው ምስል ጋር ለማነጻጸር 225 ቦታዎችን መፈተሽ፣ ማለትም 57,600 ልዩነቶችን ማስላት ያስፈልጋል። 352 በ288 ፒክስል የሆነ ምስል 396 ብሎኮች አሉት፤ በሴኮንድ 25 ምስል ሲታሰብ ስሌቱ ከ570 ሚሊዮን ይበልጣል። የስሌቱ ዓይነት በሁሉም ቦታ አንድ ስለሆነ ለስሎትኒክ አደረጃጀት እጅግ የተመቸ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቢቶችን በቅደም ተከተል የመመስጠር ሥራ ግን ለትይዩ ክፍፍል አስቸጋሪ ነው፤ በዚህ በኩል የአምዳል ሙግት ጸንቶ ይገኛል።

ስሎትኒክ ያረፉት የቪዲዮ መጭመቂያ ቺፖች ከመስፋፋታቸው በፊት ነው። ዛሬ በፎንቆ ገበያ በእጅ ስልክ ቪዲዮ ሲቀረጽ፣ በስልኩ ውስጥ ያለው ቺፕ ይህንኑ ስሌት በትይዩ ያከናውናል። ስለዚህ የሃርድዌር ተመራማሪ ስንት ፕሮሰሰር ያስፈልጋል ከማለቱ አስቀድሞ፣ ከሥራው የትኛው ክፍል ይከፈላል፣ የትኛውስ አይከፈልም ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።