ዲክሲ ዲን፦ ክለቡ ሲወርድ አብሮ የወረደው አጥቂ

የእንግሊዝ እግር ኳስ ከአሰላ እስከ አቦምሳ በየከተማው ደጋፊ አለው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከገጠር የመጣው አርሶ አደርና የከተማው ነዋሪ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ሲከራከሩ ማየት የተለመደ ነው። ግንቦት ሲደርስ ክርክሩ ከዋንጫው ወደ ወራጆቹ ይዞራል። ሦስት ክለቦች ከፕሪሚየር ሊጉ ይወርዳሉ፤ የውድድር ዘመኑ ተጠናቆ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ከወረደው ክለብ ማን ይሸጣል፣ ማንስ ይቀራል የሚለው ወሬ ይጀመራል። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ግብ አስቆጣሪው ነው።

ከዘጠና ዓመት በፊት በሊቨርፑል ከተማ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄዶ ነበር። በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን በአንድ የውድድር ዘመን ከማንም በላይ ግብ ያስቆጠረው ሰው ክለቡ ኤቨርተን ሲወርድ አብሮ ወረደ፤ አንድ ዓመት በሁለተኛው ዲቪዚዮን ተጫውቶም ክለቡን ይዞ ወጣ። ይህ ሰው ዊሊያም ራልፍ ዲን ይባላል። ዓለም የሚያውቀው ግን ዲክሲ ዲን በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። እርሱ ራሱ ቅጽል ስሙን እምብዛም አይወደውም፤ ቢል ተብሎ ቢጠራ ይመርጥ ነበር።

ዲን የተወለደው እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 1907 ከሊቨርፑል ከተማ በመርሲ ወንዝ ማዶ በምትገኘው በርከንሄድ ነው። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ልጁ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በየቤቱ ወተት ያደርስ ነበር። ትምህርቱን በ14 ዓመቱ ትቶ በባቡር ድርጅት ውስጥ የጥገና ሙያ ተለማማጅ ሆነ። እዚያም ሌሎች ተለማማጆች በአይጦቹ ብዛት የተነሣ የሚሸሹትን የሌሊት ፈረቃ በፈቃዱ ወሰደ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ሌሊት ከሠራ ቀኑ ለኳስ ነጻ ይሆንለታል።

በ16 ዓመቱ ለትውልድ ከተማው ክለብ ለትራንሜር ሮቨርስ ፈረመ። በ1924/25 የውድድር ዘመን በ27 ጨዋታ 27 ግብ በማስቆጠሩ ትልልቆቹ ክለቦች ወንዙን እየተሻገሩ ሊያዩት መጡ። መጋቢት 1925 ኤቨርተን በ3,000 ፓውንድ ወሰደው። ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር ሄዶ የሚያየው ክለብ ስለ ነበር ሌላ ጥሪ ለመስማት ብዙ አላመነታም።

በቀጣዩ ዓመት በጋ ግን ሁሉም ነገር ሊያበቃ ተቃርቦ ነበር። ሰኔ 1926 በሰሜን ዌልስ በሞተር ብስክሌት ሲጓዝ ተጋጨ፤ የራስ ቅሉና መንጋጋው ተሰበረ። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ኳስ መጫወቱን ተጠራጠሩ። እርሱ ግን በዚያው ዓመት መጸው ወደ ሜዳ ተመልሶ እንደ ድሮው በግንባሩ ይገጭ ጀመር። ሐኪሞች በጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ስለ ተዉ ነው በግንባሩ እንዲህ የሚመታው የሚል ወሬ ለብዙ ዓመታት ሲናፈስ ኖሯል። ወሬ ብቻ ነው። የዚያን ዘመን ኳስ ከወፍራም ቆዳ የተሰፋ፣ ዝናብ ሲመታው ውኃ ጠጥቶ የሚከብድ እንደ ነበር ለሚያውቅ ግን ወሬው ከየት እንደ ተነሣ አይጠፋውም።

ጊዜውም ለአጥቂዎች የተመቸ ነበር። በ1925 የጨዋታ ውጪ ሕግ ተሻሽሎ፣ አጥቂው ኳስ ሲቀበል በፊቱ ሊኖሩ ይገባ የነበሩት ተጋጣሚዎች ከሦስት ወደ ሁለት ዝቅ ብለው ነበር። ተከላካዮች ከአዲሱ ሕግ ጋር እስኪላመዱ ድረስ ግብ እንደ ጎርፍ ወረደ። ሚድልስብሮው የተባለው ክለብ አጥቂ ጆርጅ ካምሴል በ1926/27 በሁለተኛው ዲቪዚዮን 59 ግብ ሲያስቆጥር ይህ ቁጥር ለብዙ ዘመን የሚደረስበት አይመስልም ነበር። የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው።

በ1927/28 የመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ሲቀሩ ዲን 53 ግብ ነበረው። ክብረ ወሰኑን ለመስበር ሰባት ያስፈልጉታል። በበርንሌይ ሜዳ አራት አገባ። ሦስት ቀሩ፤ የመጨረሻው ተጋጣሚ ደግሞ አርሰናል ነበር። ጨዋታው በኤቨርተን ሜዳ በጉዲሰን ፓርክ የተካሄደው እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 1928 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1920 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ኢትዮጵያውያን ያን ዕለት የድል ቀን ብለው ማክበር የጀመሩት ከዚያ 13 ዓመት በኋላ ነው። አርሰናል ቀድሞ አገባ። ዲን አቻ አደረገ፤ ከዚያም በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛውን ጨመረ። ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ አሌክ ትሩፕ ያሻማውን የማዕዘን ምት በግንባሩ ገጭቶ 60ኛውን አስቆጠረ። ውጤቱ 3 ለ 3 ሆነ፤ ኤቨርተንም የአንደኛው ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ነበር። ዲን ገና 21 ዓመቱ ነበር። ያ ቁጥር እስከ ዛሬ በእንግሊዝ አልተደፈረም።

ከዚህ ከፍታ ወደ ታች የተወረደበት ፍጥነት ያስገርማል። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ኤቨርተን ከ22 ክለቦች 18ኛ ሆነ። በ1929/30 ደግሞ የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ ወረደ። በ1888 የእንግሊዝን ሊግ ከመሠረቱት ክለቦች አንዱ ለሆነው ኤቨርተን ይህ የመጀመሪያው ውርደት ነበር። የመጨረሻውን ጨዋታ ሰንደርላንድን ቢያሸንፍም አልተረፈም፤ ነጥቡ 35 ሲሆን ከበላዩ የነበሩት በርንሌይና ሼፊልድ ዩናይትድ 36 ነበራቸው። በርንሌይ አብሮት ወረደ።

በዚያ ዓመት ዲን ጉዳት እያመላለሰው የተጫወተው 25 የሊግ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ በዚያም 23 ግብ አስቆጠረ። ይህን ያህል የሚያገባ ሰው ያለው ክለብ እንዴት ይወርዳል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱን አርሶ አደር አያጣውም፤ በሬ ብቻውን አያርስም። አጥቂው ከሜዳ ሲርቅ የሚተካው አልነበረም፤ ከኋላውም መስመሩ ላልቶ ነበር።

ያን ጊዜ ክለቡ አሰልጣኝ የሚባል ሰው አልነበረውም። ቡድኑን የሚመርጠው የዳይሬክተሮች ቦርድ ሲሆን የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚመራው ጸሐፊው ቶማስ ማኪንቶሽ ነበር። ቦርዱ በመውረዱ ደንግጦ ተጫዋቾቹን አልበተነም፤ ዲንንም አልሸጠም። እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። በዘመኑ ደንብ ተጫዋች ያለ ክለቡ ፈቃድ ወደ የትም መሄድ አይችልም፤ ደመወዙም ቢበዛ በሳምንት 8 ፓውንድ ነበር። ስለዚህ የዲን መቅረት ታማኝነት ብቻ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል። ይሁንና በሁለተኛው ዲቪዚዮን እንዴት እንደ ተጫወተ ያየ፣ ተገድዶ የቀረ ሰው ነው ሊል አይችልም።

ቦርዱ ሌላም በጎ ሥራ ሠርቶ ነበር። ክለቡ ከመውረዱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 1930፣ ቶሚ ጆንሰንን ከማንቸስተር ሲቲ አስመጣ። ጆንሰን በ1928/29 ለሲቲ 38 የሊግ ግብ አስቆጥሮ ነበር፤ ኧርሊንግ ሃላንድ በ36 ግብ ሲደነቅ እንኳ ይህ የክለቡ ቁጥር አልተነካም። ጆንሰን ክለቡን ከመውረድ ባያድነውም ለዲን ጥማድ ሆነለት። ግብ ጠባቂው ቴድ ሳጋርም ያን ዓመት የጀመረ ወጣት ነበር፤ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ በኤቨርተን ቆየ።

የ1930/31 የውድድር ዘመን በእኛ አቆጣጠር ከ1922 ማብቂያ እስከ 1923 ዓ.ም. ይዘልቃል። ኤቨርተን በዝቅተኛው ዲቪዚዮን ሲሮጥ በአዲስ አበባ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ተጫነ፤ የእንግሊዝ ንጉሥ ልጅ የግሎስተር መስፍንም አባቱን ወክሎ በበዓሉ ተገኝቶ ነበር። የኢትዮጵያ አንጋፋ ክለብ ቅዱስ ጊዮርጊስ ገና አልተመሠረተም።

የሁለተኛው ዲቪዚዮን ሜዳዎች ጠበብ ያሉ፣ ተከላካዮቹም ታዋቂ ሰው ሲመጣባቸው የሚበረቱ ነበሩ። ዲን በየሳምንቱ የሚጠበቅ ሰው ሆነ፤ እርሱን ለማየት ከዚያ በፊት ያልተሰበሰበ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ እርሱን ለማቆም ደግሞ ክርንም እግርም ይሰነዘራል። ቁጡ አልነበረም፤ በተጫዋችነት ዘመኑ አንድ ጊዜ እንኳ ከሜዳ እንዳልተባረረ ይነገርለታል። በገና ሰሞን ኤቨርተን ፕሊማውዝን 9 ለ 1 አሸነፈ። በኤፍ ኤ ካፕ ክሪስታል ፓላስን 6 ለ 0፣ በሩብ ፍጻሜው ደግሞ ሳውዝፖርትን 9 ለ 1 ረታ።

የግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ ግን ሐዘን ነበር። ዌስት ብሮሚች አልቢዮን 1 ለ 0 አሸነፈና ዋንጫውን ወሰደ። ዌስት ብሮሚችም ያን ዓመት በሁለተኛው ዲቪዚዮን የነበረ ክለብ ሲሆን በሊጉ ሁለተኛ ሆኖ አብሮ አደገ፤ በአንድ ዓመት ኤፍ ኤ ካፕንና እድገትን ያገኘ ክለብ ከእርሱ በቀር የለም። በሊጉ ግን ኤቨርተንን የደረሰበት አልነበረም። ከ42 ጨዋታ 28 አሸንፎ፣ 5 አቻ ወጥቶ፣ 9 ተሸንፎ በ61 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። አሸናፊ ሁለት ነጥብ ብቻ በሚያገኝበት ዘመን ከተከታዩ በሰባት ነጥብ ይርቅ ነበር። ያስቆጠረው 121 ግብ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 39ኙ የዲን ናቸው፣ በ37 ጨዋታ።

ወርደው በአንድ ዓመት የተመለሱ ክለቦች በርካታ ናቸው፤ ማንቸስተር ዩናይትድም በ1974/75 እንዲሁ አድርጓል። ኤቨርተን ግን ለመመለስ ብቻ አልተመለሰም። በ1931/32 ሼፊልድ ዌንስደይን 9 ለ 3፣ ኒውካስልን 8 ለ 1 እያሸነፈ፣ አርሰናልን በሁለት ነጥብ በልጦ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ዲን 45 ግብ አስቆጠረ። በ1933 ደግሞ በዌምብሌይ የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ማንቸስተር ሲቲን 3 ለ 0 ሲያሸንፍ አምበሉ ዲን ሁለተኛውን ግብ አገባ። በፍጻሜ ጨዋታ ተጫዋቾች ቁጥር የለበሱበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር፤ የዲን ቁጥር 9 ነበር። ከወረደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት፣ ሦስት ዋንጫ።

ኤቨርተን ሁለተኛ ጊዜ የወረደው በ1951 ነው። ያን ጊዜ ለመመለስ ሦስት ዓመት ወሰደበት። ከዚያ ወዲህ ከከፍተኛው ሊግ ወርዶ አያውቅም።

የዲን ፍጻሜ እንደ ድሉ አልነበረም። ዓመታት የተቀበለው ጉዳት ሰውነቱን አዛለው፤ ቶሚ ላውተን የተባለ ወጣት አጥቂም መጣ። ዲን ተተኪውን በቅናት አላየውም፤ በግንባር መግጨትን ቀርቦ አስተማረው። ከአዲሱ የክለቡ ጸሐፊ ጋር ግን አልተስማማም። መጋቢት 1938፣ ለኤቨርተን በ399 የሊግ ጨዋታ 349 ግብ ካስቆጠረ በኋላ፣ በ3,000 ፓውንድ ወደ ኖትስ ካውንቲ ተሸጠ፤ ከ13 ዓመት በፊት ክለቡ እርሱን የገዛበት ዋጋ መሆኑ ነው። በአየርላንድ ለስላይጎ ሮቨርስ ጥቂት ተጫውቶ አቆመ። ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በ16 ጨዋታ 18 ግብ አለው።

ዛሬ አንድ ተራ አጥቂ በሳምንት የሚያገኘውን በዕድሜ ልኩ አላገኘም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቼስተር ከተማ መጠጥ ቤት ከፍቶ ኖረ፤ ከዚያም የኤቨርተን ሊቀመንበር የነበሩት ጆን ሙርስ በመሠረቱት ሊትልዉድስ በተባለ ድርጅት ውስጥ ዕቃ አመላላሽ ሆኖ ሠራ። በ1964 ጉዲሰን ፓርክ ውስጥ ለእርሱ መታሰቢያ ጨዋታ ሲዘጋጅ ከ30 ሺህ በላይ ሰው ገባ፤ ከገቡት ብዙዎቹ ሲጫወት አላዩትም። በ1976 ቀኝ እግሩ ተቆረጠ።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1980፣ የካቲት 22 ቀን 1972 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ ኤቨርተን ከሊቨርፑል ጋር ሲጫወት ለማየት ወደ ጉዲሰን ፓርክ ሄደ። ጨዋታው ሳያልቅ በልብ ድካም እዚያው ስታዲየሙ ውስጥ ሞተ። 73 ዓመቱ ነበር። ኤቨርተን ያን ዕለት 2 ለ 1 ተሸነፈ።