ከቅጠል የተገኘ መድኃኒት፤ የዬላፕራጋዳ ሱባራው አጭር ታሪክ

የአንድ ሕንዳዊ ሊቅ ታሪክ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ነፍሰ ጡር እናቶች በምርመራ ጊዜ የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ይሰጣቸዋል። በኛም በአታት ሆስፒታል የመውለጃ ቀናቸው የተቃረበ እናቶች የሚያርፉበት መጠባበቂያ ስላለ፣ የዚህን ኪኒን አመጣጥ ለማወቅ ተመኘሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዬላፕራጋዳ ሱባራው በ1895 በደቡብ ሕንድ፣ ቢማቫራም በምትባል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ችግረኛ ነበሩ። በማትሪክ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው አለፈ። ከዚያም በማድራስ ሕክምና ተማረ። ስፕሩ የተባለው በሽታ፣ ምግብ ከሰውነት ጋር እንዳይዋሐድ የሚያደርገው፣ ወንድሙን ገደለበት።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ኑሮውን ለመደጎምም በሆስፒታል ዝቅተኛ ሥራ እየሠራ ተማረ። ከፊስክ ጋር ሆኖ ጡንቻ ኃይል የሚያገኝባቸውን ነገሮች መረመረ፤ ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲው ቋሚ ማዕረግ ስላልሰጠው በ1940 ሌደርሌ ወደሚባለው የመድኃኒት ፋብሪካ ሄደ።

አስቀድሞ በ1931 ሉሲ ዊልስ የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም፣ በቦምቤይ ነፍሰ ጡሮችን ይዞ የነበረው የደም ማነስ ከእርሾ በተዘጋጀ ምግብ እንደሚድን አስታውቃ ነበር። ፈዋሹ ነገር ግን ምን እንደ ሆነ አልታወቀም። በ1941 በቴክሳስ ያሉ ተመራማሪዎች ከአራት ቶን የስፒናች ቅጠል አጣርተው አወጡት፤ በላቲን ቅጠል ማለት ከሆነው ቃልም ፎሊክ አሲድ ብለው ሰየሙት። በ1945 የሱባራው ጓዶች በቤተ ሙከራ ሊሠሩት ቻሉ። ለስፕሩ ሕሙማንም ጠቀመ።

የዚህ ነገር አንዱ ክፍል ፕቴሪዲን ይባላል። ፎሊክ አሲድ በሰውነታችን ውስጥ ለዲኤንኤ ግንባታ የሚያስፈልገውን ቁሳቁስ ያቀብላል። ዲኤንኤ ሳይባዛ ሕዋስ ሊከፈል አይችልም። ስለዚህ ፎሊክ አሲድ ሲጎድል፣ ቀይ ደም የሚሆኑት ሕዋሳት ይተልቃሉ እንጂ በወጉ አይከፈሉም፤ ደምም ያንሳል።

ሱባራውና ጓዶቹ በዚህ አልቆሙም። ፎሊክ አሲድን የሚመስል፣ ሥራውን ግን የሚያግድ አሚኖፕተሪን የተባለ ነገር አዘጋጁ። ሕዋስ እንዳይከፈል ማገድ ካንሰርን ያዳክማልና። በቦስተን ሐኪሙ ሲድኒ ፋርበር የደም ካንሰር ለያዛቸው 16 ሕፃናት ሰጥቶ፣ 10ሩ ለጊዜው እንደ ተሻላቸው በ1948 ገለጠ። የዚሁ መድኃኒት ታናሽ ወንድም ሜቶትሬክሴት ዛሬም ይሠራበታል። ሱባራው ግን ፍሬውን ሳያይ፣ በዚያው ዓመት በነሐሴ በ53 ዓመቱ አረፈ።

እኔ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ቀስሜአለሁ። አንደኛው፣ በጓሯችን ያለው ጎመን ይህንኑ ፎሊክ አሲድ የያዘ ስለ ሆነ፣ ብዙ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ጥቅሙን ማባከን ነው። ሁለተኛው፣ በፈተና የወደቀ ጓደኛችንን መናቅ አይገባንም። በሱባራው ዘንድ ሁለቱ ውድቀት የትምህርቱ መጨረሻ ቢሆን ኖሮ፣ ስንቱ ሕመምተኛ በተጎዳ ነበር!